«አዝማሪ» ስድብ ነው ወይ?

አንዲት የአማርኛ መምህርት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የከበደ ሚካኤልን ‹አዝማሪና ውሃ ሙላት› በክፍል ሳስተምር ሁለት ነገር ያከራክረናል። ተማሪዎቼ ‹አዝማሪ› ስድብ ስለሆነ ‹አርቲስት› ብንለውስ ይላሉ። ግጥሙም አርቲስትን ሞኝ አድርጎ የሳለ ይመስላቸዋል። ሌላው ደግሞ ርዕሱ ነው። ‹ውሃ ሙላት› ነው ወይስ ‹የውሃ ሙላት›? በሁለቱም ተጽፎ አይቻለሁ።»

መምህርት፣ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ሲንቋሸሽ ዝም ማለት አልችልም። ዛሬም አልችልም።

ግጥሙን ላልያዘ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። የሚገኘው «ታሪክና ምሳሌ» ውስጥ ነው። አንድ መንገደኛ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ሲወርድ ያገኛል። ወንዙ ዳር አንድ አዝማሪ ድምፁን አሳምሮ ይዘፍናል። ምን እየሠራህ ነው ቢለው፣ ውሃው አላሻግር ስላለኝ በግጥም እያሞገስኩ ሆዱን ላራራው ነው ይለዋል። መንገደኛው ይገረማል። እንዲህ እየተጣደፈ የሚወርድ ውሃ እንዴት ይሰማሃል ብሎ ይገስጸዋል። ማሰሪያው ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ነው፦ «መናገር ከንቱ ነው ካልተገኘ ሰሚ»።

ከቃሉ ልጀምር። «አዝማሪ» ሥሩ ዘመረ ነው። መዝሙር፣ ዝማሬ፣ መዘምር፣ ዘማሪ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ዝማሬ» ለቅዱስ ያሬድ ከሚሰጡት አምስት የዜማ መጻሕፍት የአንዱ ስም ነው። ቤተ ዘመዱ ሰፊ ነው። በዕብራይስጥ መዝሙረ ዳዊት «ሚዝሞር» ይላል። ዛሬም እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዘፋኝን «ዘማር» ሲሉ ይውላሉ። በዓረብኛ «ሚዝማር» የሚነፋ የዜማ መሣሪያ ነው። በጥንቱ አካድኛም «ዘማሩ» መዝፈን ነበር። ከዚህ ሁሉ ዘመድ መካከል ስድብ የወጣለት አንድም የለም። የእኛው ብቻ ምን ሆነ?

በዘማሪና በአዝማሪ መካከል ያለችው አንዲት «አ» ናት። የቃሉ ቅርጽ ከ«አክባሪ»፣ ከ«አብሳሪ»፣ ከ«አድማጭ» ጋር አንድ ነው። አከበረ አክባሪ ካለ፣ አዘመረ አዝማሪ ይላል። እኔ ይቺን «አ» የማድረግ «አ» ናት እላለሁ። አዝማሪ ራሱ ብቻ የሚዘፍን አይደለም፣ ሌላውን የሚያዘፍን ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ እንግዳ ከጥግ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ቃሉን ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ግጥሙ የእንግዳው ነው፣ ዜማው የአዝማሪው። ይህ ካላዘመረ ምን ያዘምራል?

ይህን የማይቀበሉ አሉ። «አ»ዋ ሁልጊዜ አድራጊነትን አታሳይም ይላሉ። «አመሰገነ»ን፣ «አቀነቀነ»ን፣ «አንጎራጎረ»ን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ማንም «መሰገነ» አይልም። በሰዋስው በኩል ክርክራቸው ጠንካራ መሆኑን አምናለሁ። ቢሆንም «ዘመረ» እንደ «መሰገነ» አይደለም፣ ብቻውን ቆሞ የሚሄድ ግስ ነው። ስለዚህ የእኔን ፍቺ አለቅም። ጆሮዬም ልቤም እዚያው ነው።

ስድቡ ከየት መጣ ካሉኝ፣ ከቃሉ አልመጣም። ከማኅበራዊ ንቀት ነው የመጣው። አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን የናቀ አፍ አዝማሪውንም ናቀ። ያው አፍ ግን ሠርግ ሲደግስ አዝማሪ ይጠራል፣ ለቅሶ ሲሆንም አልቃሽ ይፈልጋል። ቃሉን ብንቀይር ንቀቱ አብሮ ይቀየራል ብዬ አላምንም። ተማሪዎችዎ «አርቲስትና ውሃ ሙላት» ቢሉት ግጥሙ ይሞታል። አርቲስት ማን ነው? ዛሬ በእኛ አነጋገር በብዛት የፊልምና የቲያትር ተዋናይ ነው። አዝማሪ ግን ሙያው ይታወቃል፤ ጌታ ፊት ቆሞ ያሞግሳል፣ ሽልማት ይጠብቃል፣ በሰምና ወርቅም ይወጋል። ከበደ ሚካኤል ሌላ ዘፋኝ ሳይሆን አዝማሪ የመረጡት ለዚህ ይመስለኛል። አዝማሪው ወንዙን እንደ ትልቅ ሰው ነው የያዘው። ባለሥልጣን ፊት የሚያደርገውን ውሃ ፊት አደረገ። እንግዲህ ውሃው ማን እንደሆነ ለተማሪዎችዎ ይተዉላቸው፣ ራሳቸው ያገኙታል።

አሁን ወደ ማሰሪያው ስንኝ። ግጥሙ አዝማሪውን «ዝም በል፣ ምን ትደክማለህ» ይለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ንባብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ማስረጃዬም ያለው እዚያው ስንኙ ውስጥ ነው።

ስንኙ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው፣ በየጎኑ ስድስት ስድስት ቀለም። መ-ና-ገር-ከን-ቱ-ነው፤ ካል-ተ-ገ-ኘ-ሰ-ሚ። ሰው ሲጠቅሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስድስት ይዞ ሁለተኛውን ይረሳዋል። «መናገር ከንቱ ነው» ብሎ ያቆማል። ፍርዱ ያለው ግን ሁለተኛው ጎን ላይ ነው። «ካል» ሁኔታ ነው። «ስላልተገኘ» አላለም። «ስላልተገኘ» ቢል ኖሮ ነገሩ ያለቀለት ይሆን ነበር፤ ሰሚ የለም፣ ተፈልጎ ታጥቷል ማለት ነውና። «ካልተገኘ» ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ሰሚ ሊገኝ ይችላል።

ደግሞ አቀማመጡን ይዩ። በተራ አነጋገር «ሰሚ ካልተገኘ መናገር ከንቱ ነው» እንላለን። ባለቅኔው ገልብጠውታል። ለቤት መምቻ ነው ሊባል ይችላል፣ ልክ ነው። ውጤቱ ግን ከቤት መምቻ ይበልጣል። የግጥሙ የመጨረሻ ቃል «ሰሚ» ሆነ። ተወቃሹ ተናጋሪው ቢሆን ኖሮ ማሰሪያው ላይ እሱ ይቀመጥ ነበር።

«ሰሚ» ራሱ በጆሮ የሚሰማ ብቻ አይደለም። «ምከረው፣ አይሰማም» ስንል ደንቆሮ ነው ማለታችን አይደለም። ሥሩ የግእዙ ሰምዐ ነው። ከዚሁ ሥር ስምዕ ይወጣል፣ ምስክርነት ማለት ነው። ሰማዕትም ከዚሁ ነው። የሰማ ሰው ይመሰክራል፣ የመሰከረም ይሞትበታል። ይህን ያነሳሁት ቃል ለመቆፈር ብዬ ብቻ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ከአዝማሪዎች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ ታዘዘ። ወራሪው የአዝማሪ ቃል ሕዝብ ዘንድ እንደሚደርስ ገብቶታል። ሰሚ ባይኖር ማንን ፈርቶ ይገድላል? «አዝማሪ ከንቱ ለፍላፊ ነው» ለሚል ተማሪ ይህን ይንገሩልኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልወድ በግድ እቀበላለሁ። ዛሬ በማይክሮፎን የሚዘፍን ወጣት «ድምጻዊ» ወይም «አርቲስት» መባል ይፈልጋል፣ ሰው በፈለገው ስም መጠራቱም መብቱ ነው። «ድምጻዊ» ደግሞ ክፉ ቃል አይደለም። «አደመጠ» እንኳ የድምፅ ዘመድ ነው፤ የግእዙ ፀ በአማርኛ ጠ ሲሆን የምናየው ነው፣ አገር ቤትም «ድምጥ» የሚል አለ። ድምጻዊና አድማጭ ከአንድ ሥር መውጣታቸው ደስ ይለኛል። «አርቲስት»ን ግን ስሰማ አሁንም ይጎረብጠኛል። ሬዲዮው ለምዶታል፣ ጋዜጣው ለምዶታል፣ ልጆቻችንም ለምደውታል። ይሁን። የከበደ ሚካኤልን ግጥም ግን አትንኩብኝ።

ርዕሱን በተመለከተ፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ። አማርኛ ሁለት ስም ያለ «የ» ማጋጠም ያውቅበታል። ውሃ ጥም፣ ውሃ ልክ፣ ቡና ቤት፣ ዶሮ ወጥ እንላለን። «ውሃ ሙላት»ም እንደዚያው ነው። እኔ ያለ «የ» እመርጣለሁ። «አዝማሪና ውሃ ሙላት» ሲባል ሁለቱ ስሞች እንደ ሁለት ባላንጣ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ «የ» ስትገባ መሐል ላይ ትላላለች። ተማሪ «የውሃ ሙላት» ብሎ ቢጽፍ ግን ነጥብ አይቀንሱበት። የሚቀንሱ ከሆነ «ጎርፍ» ብሎ ለተረጎመው ይቀንሱ። ጎርፍ ዝናብ ሲጥል መንገዱንም ማሳውንም እየጠረገ የሚሄደው ነው። ሙላት የወንዝ ነው፤ ወንዙ በራሱ መውረጃ ከፍ ሲል ሞላ እንላለን። ሥሩ መልአ ነው፣ «ምልአተ ጉባኤ» ስንል የምናገኘው። ከጎርፍ ሰው ይሸሻል፣ ሙላት ግን እስኪጎድል ዳር ቆመው የሚጠብቁት ነው። አዝማሪውም ቆሞ የዘፈነው ለዚህ ነው።