ጨው የሚተፋው የቁስቋም ግንብ

አንድ ግንበኛ ከጎንደር ጽፎልኛል። ቁስቋም ላይ የፈረሰውን የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ለጎብኚ ለማመቻቸት ከአካባቢው ሰዎች ጋር እየመከረ ነው። ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ «ድሮ በሲሚንቶ የተጠገነ ግድግዳ አለ። ነጭ ጨው ያወጣል፣ ልስኑ ይላቀቃል፣ አጠገቡ ያለው ድንጋይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። አራግፈን ጠንከር ባለ ሲሚንቶ ብንለስነው ይይዛል?»

ወንድሜ፣ አይይዝም። ለሁለት ክረምት ያምራል፤ ከዚያ ድንጋዩን ይዞ ይወድቃል።

ያ ግንብ የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል። ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ በመገጣጠሚያው በኩል መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ስትለብጥበት ያ መውጫ ይዘጋል። ውሃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨውም ይዞ ይሄዳል። ውሃው ሲደርቅ ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ ይጋገራል፣ ፊቱንም ከውስጥ ይገፋዋል። አንተ ያየኸው ብስኩት ይሄ ነው። ቀዩ ድንጋይ ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ጌጡ የተቀረጸው እሱ ላይ መሆኑ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ አሮጌ ግንብ «በሲሚንቶ ጨርስ» ተባልኩና ጨረስኩ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ልስን ራሴ ነቀልኩት። ባልተሟሸ ምጣድ እንደተጋገረ እንጀራ ሆነ፤ የቅርጹ ግማሽ ከሲሚንቶው ጀርባ ተጣብቆ መጣ። ያንን ቁራጭ መልሼ የምተክልበት መንገድ አልነበረኝም። ፋሲል ግቢም ይህን አይቷል፤ በጣሊያን ዘመን የገባው የሲሚንቶ ጥገና በኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተክቷል።

ስለዚህ ከውሃው ጀምር። የግድግዳውን አናት ውጣና እይ። ዝናብ እዚያ ከገባ ታች የምትሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። አናቱ ላይ ዛፍ በቅሎ ከሆነ አትንቀለው፣ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል። ቁረጠውና ሥሩ እዚያው ይሙት። ግድግዳው እግር ሥር ውሃ እንዳይቋጥር ቦይ አውጣ።

ሲሚንቶውን በእጅ መዶሻና በመሮ ብቻ፣ ከጠርዙ እየጀመርክ አንሳ። ግራይንደርና ድሪል እንዳታስጠጋ። በመዶሻው እጀታ ስታንኳኳው ባዶ ድምፅ የሚሰጠው በቀላሉ ይለቃል። ድፍን ድምፅ የሚሰጠውንና የድንጋዩን ፊት ይዞ የሚመጣውን ተወው። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። በውሃ ካጠብከው ተመልሶ ይገባል።

ኖራውን ቀድመህ አዘጋጅ። ያልበረደውን፣ ማለትም ገና ውሃ ያልነካውን ኖራ ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃውን ኖራው ላይ እንዳታፈስ፣ ይፈላና ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። በርሜል ውስጥ ውሃ አልብሰህ ቢያንስ ጥቂት ወራት አስተኛው፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ። እርጥበት ለሚበዛበት ቦታ ከአሸዋው ላይ ቀንሰህ የተፈጨ ቀይ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ተካ፤ ኖራው እርጥበት ውስጥም እንዲጠነክር ያግዘዋል። መገጣጠሚያውን ጠርገህ አርጥበው፣ በስስ በስሱ ጠቅጥቀህ ሙላ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰው። ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል። ሥራውን ክረምቱ ሲወጣ ጀምር።

ስንጥቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ እሳት ተቃጥላለች። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን እጁን እስኪሰጥ ድረስም የእንግሊዝ ቦምብ ወርዶባታል። እንዲህ ያለ ግንብ ሁለት ፊትና መሀሉ የተሞላ ኮረት ነው። ፍንዳታ ሁለቱን ፊቶች ያለያያቸዋል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጀሶ ለጥፍ፣ ቀን ጻፍበት። መስታወቱ ከተሰበረ ግንቡ እየሄደ ነው። ያኔ ደግፈህ መሐንዲስ ጥራ እንጂ አትድፈነው። ስትቆፍር የማታውቀው ብረት ካገኘህም አትንካው፤ ሰው አርቀህ ለፖሊስ አሳውቅ።

የጠፋውን ክፍል በግምት አትገንባ። ጎብኚው የፈረሰውን ፈርሶ ይየው፣ አንተ መሄጃውን አስተካክልለት። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም ያረፈበት ቦታ ግን መቃብር ነው። እዚያ ካህናቱ ሳይፈቅዱ ምስማር አይመታም። ጥቂት ጥቂት ሰው ይግባ፤ የሰው ትንፋሽም እርጥበት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። ከመዶሻው በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ፎቶ አንሡ። ፈቃዱ ሲመጣ ጎብኚ በማያየው በኩል አንድ ካሬ ሜትር ብቻ ሥራና አንድ ክረምት አሳልፈው። መስከረም ላይ በእጅህ ዳስሰው። ጨው ካልተፋና ኖራው ካልረገፈ ቀጥል።