ኢርፎኑ ውስጥ ያለው ፓስተር

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 41 ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ቤተሰባችን ካቶሊክ ነው። አባቴ ከእምድብር ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ጎረቤቶቻችን ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ዕድራችንም አንድ ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚገባው?» እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ባለቤቴን ካገባኋት 12 ዓመት ሆነ። የ9 ዓመት ልጅ አለችን። አምና ግንቦት ላይ ሁለተኛ ልጃችን በሰባት ወሩ ሆድ ውስጥ ሞተብን። ወንድ ነበር። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለወራት ዝም አለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ጆሮዋ ላይ ነው። እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሌሊት ከጎኔ ተኝታ። የምትሰማው የጴንጤ ሰባኪዎችን ነው። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ፓስተር ነው። ሌላዋ ጆይስ ማየር የምትባል አሜሪካዊት ናት። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ትመጣለች፤ ትቆርባለች። ማታ ማታ አብረን የምናደርሰውን መቁጠሪያ ግን ተወችው። ልጄም መዝሙሮቻቸውን ይዛ እናቴ ፊት ትዘምራለች። እናቴ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። «ቤቴ ጴንጤ ገባ» ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ባለፈው ወር የባለቤቴን ስልክ ስከፍት ለፓስተሩ በቴሌብር 3,000 ብር እንደላከች አየሁ። ተጣላን። «አንተ ያላልከኝን እሱ ብሎኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከ«ደህና ዋልሽ» ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ስልኩን ልቀማት? ለአባ ልንገርባት? ወይስ ይሄ የአእምሮ ሕመም ነው?

መልስ፦

ስልኩን አይቀሟት። ሕመም ነው ለማለት የሚያበቃ ነገርም ደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። ወደ አባ መሄዱ ይቆየን፤ እመለስበታለሁ።

እኔን ያስቆመኝ «አንተ ያላልከኝን እሱ ብሎኛል» ያለችው ነው። እርስዎ ይህን ሰምተው ተናደዱ። ይገባል፤ ያማል። አንድ የማያውቁት ሰውዬ በኢርፎን ገብቶ ከሚስትዎ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ያወራል፤ እርስዎ ደግሞ ከጎኗ ሆነው ጣሪያ ያያሉ። ግን አንድ ጥያቄ ረስተዋል። «ምን አለሽ?» አላሏትም።

ደብዳቤዎን እንደገና ያንብቡት። ስለ ሞተው ልጅዎ የጻፉት ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ነው። የቀረው ስለ ኢርፎን፣ ስለ መዝሙር፣ ስለ ብር ነው። ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። አገራችን እንዲህ ላለው ልጅ ለቅሶ አልሠራችለትም። ድንኳን አይጣልም። ሠልስት የለም። ዕድሩ አይጠራም። ጎረቤት ሽሮና ዳቦ ይዞ ይመጣና «ዋናው አንቺ ተረፍሽ፤ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በፈረንጅ ናቸው) ለዚህ ስም አወጣለት። በኛ አነጋገር «ፈቃድ ያላገኘ ሐዘን» ልንለው እንችላለን። ሰው ያዝናል፤ እንዲያዝን ግን ማንም አልፈቀደለትም። እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ስንት ወለድሽ ሲሏት «ስድስት» ትላለች። እኛ አምስት ነን። ስድስተኛውን ከእሷ በቀር ያየው የለም።

አሁን ስለ መቁጠሪያው። እርስዎ ሰባኪዎቹ ያስተዋት መስሎዎታል። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ ግን ጸሎቱን አውቀዋለሁ። አንድ ዙር ሲደርስ ለእመቤታችን የሚቀርበው ሰላምታ 53 ጊዜ ይደገማል። እያንዳንዱ ውስጥ «የማኅፀንሽም ፍሬ የተባረከ ነው» የሚል አለ። የማኅፀኗ ፍሬ የሞተባት ሴት ይህን ቃል በየማታው 53 ጊዜ እንድትል ሲጠብቁባት ምን እንደሚሰማት አስበውት ያውቃሉ? ልክ ነኝ ብዬ አልምልም። ምናልባት በቃ ስለደከማት ይሆናል። ግን «ለምን ተውሽው?» ብሎ መቆጣትና «ይከብድሻል እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ይለያያል።

ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። ባለቤትዎ ያደገችው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና በሚነሣበት አገር ነው። የእናንተ ልጅ 40 ቀን ቀርቶ አንድ ቀንም አላገኘም። ሳይጠመቅ የሞተ ልጅ የት ይሄዳል? እናቶች ይህን ጥያቄ ጮክ ብለው አይጠይቁትም። እኔ ክፍል መጥተው እንኳ የሚያነሡት ሊወጡ ሲሉ፣ በሩን ይዘው ነው። አንዳንዶቹ ከዚያ የባሰ ይዘዋል፤ «እኔ በሠራሁት ኃጢአት ነው» ይላሉ። ምናልባት እናትዎም በቅንነት «እግዚአብሔር ሲቀጣ ዝም ብሎ መቀበል ነው» ብለዋት ይሆናል። ትልልቅ ሰዎች ለማጽናናት ሲሉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ።

ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ (ሁለቱ ሞክሼ ናቸው)። ሰው በመከራ ጊዜ ሃይማኖቱን እንዴት እንደሚይዝ ብዙ ዓመት አጥንቷል። መከራውን የእግዚአብሔር ቅጣት አድርጎ የሚያይ ሰው ሐዘኑ ይበረታበታል። እግዚአብሔር አብሮኝ ነው የሚል ሰው ይሻለዋል። አሁን ኢርፎኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚላት መገመት አይከብድም። «እግዚአብሔር አልተቆጣብሽም። ይወድሻል። ነገ ተነሺ» ይላታል። ጆይስ ማየርም ብትሆን በልጅነቷ አባቷ ያደረሰባትን በደል በአደባባይ የምትናገር ሴት ናት። ቁስሏን የምታሳይ ሰባኪ ቁስሏን የደበቀች ሴት ብትስባት ምን ይገርማል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። የካቶሊክ ስብከት አጭር ነው፤ የዕለቱን ንባብ ያብራራና ወደ ቅዳሴው ያልፋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው በ2024 ስብከት ከ8 ደቂቃ አይብለጥ፣ ሰው ይተኛል ብለው ነበር። ባለቤትዎ ደግሞ ሙሉ ሰዓት የሚያናግራት ሰው ትፈልጋለች። ስለ ሰኞ ጠዋት፣ ስለ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ስለማጣት። ታዋቂዎቹ ሰባኪዎች የተካኑት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሴው የሚሰጣትን ግን አይሰጧትም፤ እሷም የምታውቀው ይመስለኛል። ባታውቅማ እሁድ ለምን ትመጣለች?

ኃጢአት ይሆን ወይ ብለው ፈርተዋል። ይህን የሚመልሱልዎ አባ ናቸው። እኔ ታሪኩን ብቻ ልንገርዎ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ፣ ካቶሊኮች በሌሎች ክርስቲያኖች ዘንድ ያለውን እውነተኛ ክርስቲያናዊ ሀብት በደስታ እንዲቀበሉና እንዲያከብሩ ተናግሯል። የእናንተው የካሪዝማቲክ እንቅስቃሴ (በመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ላይ የሚያተኩረው የካቶሊኮች የጸሎት እንቅስቃሴ) ሲጀመርም እንዲሁ ነው። በ1967 አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሱባኤ ወጡ። ከዚያ በፊት መምህሮቻቸው የአንድ ጴንጤቆስጤ ፓስተር መጽሐፍ አንብበው፣ ከፕሮቴስታንቶች ጋር በጸሎት ቡድን ተቀምጠው ነበር። ከፕሮቴስታንት የተማሩት ነገር ፕሮቴስታንት አላደረጋቸውም። በ1975 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቫቲካን ውስጥ ተቀበሏቸው። ወደ እኛ ልምጣ ካሉም፣ በ1840 የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ያስተረጎመው ካይሮ የነበረ የፈረንሳይ ቆንሲል ነው። ያሳተመው የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ድንበሩ እኛ እንደምናስበው ወፍራም አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ እርስዎ ልዙር። እንደሚመስለኝ እርስዎንና እናትዎን ያስፈራችሁ ትምህርቱ አይደለም። አባትዎ ጥቂት ካቶሊክ ባለበት ከተማ ሃይማኖታቸውን ይዘው ኖሩ። እናትዎም እንደዚሁ። ይህ ቀላል ልፋት አይደለም። አሁን ምራታቸው «ጴንጤ ሆነች» ቢባል ያ ሁሉ ዓመት የባከነ ይመስላቸዋል። ዕድሩ ምን ይላል? ማን ይቀብረናል? የት ነው የምንቀበረው? እኛ አገር ሃይማኖት ሲነሣ ከሥሩ የመቃብር ጥያቄ አይጠፋም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ግን የእርስዎና የእናትዎ ነው፤ ሐዘንተኛዋ ሴት እንድትሸከመው አይጫኑባት።

ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ስልኳን ሳያስፈቅዱ መክፈትዎን ይቅርታ ይጠይቁ። «ግን» የሚል ቃል ሳይጨምሩ። ከዚያ አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ «አንዱን ጆሮ ስጪኝ» ይበሏት። በጣም የምትወደውን ስብከት አብረው ይስሙ። አይከራከሩ። «እዚህ ጋ ስለ እመቤታችን ተሳስቷል» አይበሉ፤ ቢሳሳትም። ሲያልቅ «የቱ ጋ ነው ያጽናናሽ?» ይበሏት። ብታለቅስ ውሃ ሊያመጡ አይነሡ። ይቀመጡ። ከዚያ ስለ ልጁ ያውሩ። ስም አስባችሁለት ነበር? እርስዎስ አልቅሰውለት ያውቃሉ? ደብዳቤዎ ላይ «ሞተብን» ነው ያሉት፤ «ሞተባት» አላሉም። ያቺ «ን» ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። ለእሷም ይንገሯት።

ወደ አባ አብራችሁ ሂዱ። «ሚስቴን ምከሩልኝ» ብለው ሳይሆን «ልጃችን ሳይጠመቅ ሞቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ምን ትለናለች?» ብለው። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ቁጥር 1261 ስለዚህ ይናገራል። ሳይጠመቁ የሞቱትን ሕፃናት ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ትሰጣለች፤ የመዳን መንገድ እንዳላቸውም ተስፋ ታደርጋለች። በ2007 ደግሞ የቫቲካን የነገረ መለኮት ኮሚሽን ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሰፊ ሰነድ አውጥቷል። ባለቤትዎ ከሩቅ ስትፈልገው የነበረው ቃል እቤታችሁ ነበረ። የነገራት ሰው ጠፍቶ ነው። እርስዎም እንደማያውቁት እገምታለሁ።

ስለ 3,000 ብሩ። ይህን ቀላል ነው አልልም። በአስተማሪ ደሞዝ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከሰባኪዎች መካከል የሚያጽናኑ አሉ፤ ማጽናናቱን በዋጋ የሚሸጡም አሉ። «ዘር ዝሪ፣ ማኅፀንሽ ይከፈታል» የሚል ከሆነ ሐዘኗን እየነገደበት ነው። መድኃኒት ተዪ፣ ሐኪም አያስፈልግሽም፣ ከባልሽ ራቂ የሚል ከሆነም ያኔ ቆፍጠን ይበሉ። በጥያቄ ግን ይጀምሩ። ከስንት ብር በላይ ሲሆን እንመካከር ብላችሁ ተስማሙ፤ ስምምነቱ እርስዎንም ይጨምር። እርስዎም ሳይነግሯት ለዘመድ የሚልኩት ይኖራል።

እናትዎን እርስዎ ራስዎ ያናግሯቸው። ምራትየው ፊት አይሁን። እናትዎም የልጅ ልጅ ነው የሞተባቸው። ልጅቷ ትዘምር፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያማረ ዜማ ከሰማች ትዘምራለች። አያቷ አጠገብ ሲሆን የቅዳሴውን መዝሙር እንድትዘምር ቢያስለምዷት ግን ሰላም ይገዛሉ።

ባለቤትዎ መብላት ካቆመች፣ እንቅልፍ ለሳምንታት ከራቃት፣ ልጇን መንከባከብ ካቃታት ወይም «እኔም በሞትኩ» ካለች ግን አይጠብቁ። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይውሰዷት። ለዚህ ስብከት አይበቃም፤ የእኔም ምክር አይበቃም።

ግንቦት ሲደርስ ዓመቱ ይሞላል። አባ ከፈቀዱ በስሙ አንድ ቅዳሴ ይደረግለት። ቡና አፍሉና ሁለት ሦስት ጎረቤት ጥሩ። አምና ያልተደረገ ለቅሶ ነው፤ ቢዘገይም የሚመጣ አይጠፋም። ስለ ብሩ መጣላት ካማራችሁ ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።