ጥልቅ ቪ ወይስ ለጥ ያለ ሆድ?

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጀልባዎች 6 ሜትር ናቸው፤ አንደኛው ሆዱ እስከ ኋላው ድረስ በቪ ቅርጽ የሾለ፣ ሌላው ፊቱ ብቻ ሾሎ ኋላው ለጥ ያለ፤ ለቤተሰብ ሽርሽርና ለዓሣ ማጥመድ የቱ ይሻላል ብለሃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበል ሰንጥቀህ የምትመለስ ከሆነ የሾለውን ውሰድ። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ቆመህ የምታጠምድ ከሆነ ግን ለጥ ያለው ይበልጥብሃል።

መጀመሪያ የሆዱን የሹልነት ማዕዘን ራስህ ለካ። ፊቱማ በሁለቱም ስለት ነው፤ ወሳኙ የኋላው፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ ሥር ያለው ነው። ጀልባው ተጎታቹ ላይ እንዳለ የስልክህን ማዕዘን መለኪያ ከመሃል መስመሩ ወደ ጠርዙ በሚወጣው ገጽ ላይ ለጥፈህ ያዝ። በቁመት የተዘረጉት ሸንተረሮች ላይ ካረፈ ቁጥሩ ይሳሳታል። ጀልባው ወደ ጎን አዘንብሎ ሊሆን ስለሚችል ግራና ቀኙን ለክተህ አማካዩን ውሰድ። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ከሆነ ጥልቅ ቪ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ለጥ ያለ፤ 17 አካባቢ መካከለኛ።

ለጥ ያለው ባነሰ ጉልበት ተነስቶ በውሃው ገጽ ላይ ይንሸራተታል፣ ነዳጅም ይቆጥባል፤ ሁለት ሰው አንድ ጎን ቢቆምም ብዙ አያዘነብልም። ግን ግማሽ ሜትር በሚሆን አጭር ማዕበል ላይ ስትፈጥን ሰፊው ገጽ ውሃውን ባንዴ ስለሚመታ ወገብ ይቀጠቅጣል።

ጥልቅ ቪው ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ ቆሞ ግን ይወዛወዛል። ነፋስ ከጎን ሲመታው ወደ ነፋሱ ያዘነብላል። ብዙ ሰው ይህን የጀልባው ጉድለት ያደርገዋል፤ ምክንያቱ ግን መስመርህን ለመጠበቅ መሪውን ወደ ነፋሱ መያዝህ ነው። ከኋላ ያሉት የማስተካከያ ክንፎች ያቀኑታል። በማዕበል ውስጥ ደግሞ የሞተሩን ትሪም (የሞተሩን ዘንበል የሚለውጠውን ማስተካከያ) ወደ ውስጥ አስገብተህ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ፤ ቀና ካለ የፊቱ ስለት ከውሃው ወጥቶ የሚቀጠቀጠው ሰፊው ሆድ ይሆናል።

ሙከራውን በሙሉ ሰውና በሙሉ ነዳጅ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓት አድርግ፤ በጠዋት ጸጥታ ሁሉም ጀልባ ጥሩ ነው። ያገለገለ ከሆነ ሞተሩን ከፊል አንስተህ የታችኛውን እግሩን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ። የኋላው ግድግዳ አብሮ ከተላወሰ እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ተወው።

ጥልቅ ቪው ከተፈቀደለት የፈረስ ጉልበት ግማሹን ብቻ የሚሰጥ ሞተር ተጭኖበት ከሆነም አትግዛው፤ ሰው ሲሞላ አፍንጫውን ሰቅሎ ውሃ እየገፋ ይቀራል።