«ሉፑ መሃል ላይ ይሞትብኛል» ላልከው

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። ሌሎቹም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሱቅ እቃ የያዘ ዲክሽነሪ፣ ማለትም ኪይና ቫልዩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዝ መዝገብ፣ አለህ። ኪዩ የእቃው ስም፣ ቫልዩው የቀረው ብዛት ነው። በፎር ሉፕ (እቃዎቹን አንድ በአንድ በሚያዳርሰው ትዕዛዝ) እየዞርክ ብዛቱ ዜሮ የሆነውን በዴል (በመሰረዣው ትዕዛዝ) ልታጠፋ ስትል «ዲክሽነሪ ቼንጅድ ሳይዝ ዱሪንግ አይተሬሽን»፣ ማለትም እየዞርክበት መጠኑ ተለወጠ፣ የሚል ኤረር ይሰጥሃል። አዲስ የገባ እቃ በአፕዴት (አንዱን ዲክሽነሪ ወደ ሌላው በሚያስገባው ትዕዛዝ) ስታስገባ ደግሞ የድሮው ብዛት ይጠፋብሃል። ሁለቱም እኔን አግኝተውኛል። ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮዱን በቃል ነው የማወራው፣ ይቅርታ።

በመጀመሪያ ኤረሩ ጠላትህ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ እየቆጠርክ ከመሃል ሰው ቢወጣ፣ ሌላው ደግሞ ቢሰካ ስንት ደረስኩ ትላለህ? ፓይተን በየዙሩ የዲክሽነሪውን መጠን ያያል። ሲጀምር ከነበረው ጋር ካልገጠመ ያቆማል። ችግሩ ግን ኪይ መጨመርና መቀነስ ላይ ብቻ ነው። ያለውን ኪይ ቫልዩ ሉፕ ውስጥ ሆነህ እንደፈለክ ቀይር፣ የሁሉንም ብዛት 10 በመቶ ጨምር፣ ማንም አይናገርህም።

ለመሰረዝ ከሆነ ፎር ስትል ዲክሽነሪውን ሊስት በሚለው ጠቅልለህ ዙር። ሊስቱ የኪዮቹ ኮፒ ስለሆነ ዋናውን ብትሰርዝ አይነካውም። እኔ ግን አዲስ ዲክሽነሪ መስራት እመርጣለሁ። በአንድ መስመር ኮምፕሪሄንሽን (ሉፑን ባጭሩ የመጻፊያ መንገድ) ብዛታቸው ከዜሮ በላይ የሆኑትን ብቻ ትሰበስባለህ፣ አለቀ። የድሮ ቱቶሪያል ላይ «ዶት ኪይስ ብለህ ዙር» የሚል ካየህ እለፈው። ፓይተን 2 ላይ ኪይስ ሊስት ይመልስ ስለነበር ይሰራ ነበር። ፓይተን 3 ላይ ግን የሚሰጥህ ኮፒ ሳይሆን ያንኑ ዲክሽነሪ የሚያሳይ መስኮት ነው።

ወደ አፕዴት ልምጣ። አፕዴት አይደምርም፣ ይተካል። ስኳር 12 ኪሎ እያለህ 5 ኪሎ የገባበትን ዲክሽነሪ አፕዴት ብታደርግ 5 ነው የሚሆነው፣ 17 አይደለም። በገባው እቃ ላይ ዙርና የድሮውን ብዛት በጌት (የኪዩን ቫልዩ በሚያመጣው ትዕዛዝ) አውጣ። እቃው ከሌለ ዜሮ እንዲመልስ ንገረው፣ ከዚያ ደምር። ኮሌክሽንስ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለውን ካውንተር (ለመቁጠር የተሰራ ዲክሽነሪ) ከተጠቀምክ ደግሞ የሱ አፕዴት ራሱ ይደምርልሃል። ስሙ አንድ፣ ስራው ሌላ። ማን እንደዚህ አስቦ እንደሰየመው እንጃ።

ዲክሽነሪ ውስጥ ዲክሽነሪ ካለህማ የባሰ ነው። ለአክስቴ ሱቅ ትንሽ ፕሮግራም ሰርቼላት ነበር። ስኳር የሚለው ኪይ ስር ዋጋና ብዛት አሉ። አንድ ማታ ብዛት ብቻ የያዘ ዲክሽነሪ አፕዴት አደረኩ። ጠዋት ስትደውል «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስኳሩን በነጻ ስጪ ይለኛል» አለችኝ። አፕዴት የላይኛውን ኪይ ብቻ ነው የሚያየው። የውስጡን ሳይከፍት በሙሉ ተካው፣ ዋጋው አብሮ ሄደ። አሁን ሁልጊዜ መጀመሪያ የስኳርን ዲክሽነሪ አውጥቼ እሱን ነው አፕዴት የማደርገው።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገርም አለ፣ በአማርኛ ኪይ ለምንጽፍ ሰዎች። የአክስቴ ፕሮግራም ላይ እንቁላል ከዜሮ በታች ወረደ። ቀኑን ሙሉ ፈለኩት። ለካ እኔ «እንቁላል» ብዬ ጽፌ የአክስቴ ልጅ ሲያስገባ «ዕንቁላል» ብሏል። ለእኛ አንድ ነው። ለፓይተን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ኪዮች ናቸው። አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ሳይነካ ቁጭ ብሏል። አፕዴት ደግሞ ኪዩን ካጣው ዝም ብሎ አዲስ ይጨምራል፣ ኤረር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስሙ ወደ ዲክሽነሪው ከመግባቱ በፊት በስትሪፕ የዳርና የዳር ስፔሱን አጥፋ፣ በትራንስሌት (ፊደልን በፊደል በሚተካው ትዕዛዝ) ደግሞ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ መልስ። ሰባቱንም ቤት ዘርዝር፤ እኔ መጀመሪያ ግዕዙን ብቻ ቀይሬ «ዕ» እንዳለች ቀርታ ነበር።

የገባውን ዳታ ስታጸዳ ደግሞ ሉፕ ውስጥ የድሮውን ኪይ ፖፕ አድርገህ (አውጥተህ) አዲሱን እዚያው አትጨምር። አንድ ቀንሰህ አንድ ስለጨመርክ መጠኑ አይለወጥም፣ መጠኑን የሚያየው ጠባቂ ወዲያው ላይይዝህ ይችላል፣ አንዳንዱ እቃም ሊዘለል ይችላል። ባዶ ዲክሽነሪ ክፈትና የተስተካከለውን ስም እያስገባህ ሂድ። ሁለቱ እንቁላሎች እዚያ ሲገናኙ ብዛታቸውን ደምር፣ አትተካ።

ካልሄደልህ ኮዱን ለጥፈው፣ ማታ ላፕቶፕ ላይ ስሆን አየዋለሁ።