ፈርነስዎንና ኤሲዎን በሂት ፓምፕ ከመቀየርዎ በፊት

እህቴ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤትዎ የጋዝ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) እና ኤሲ ሃያ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ኮንትራክተሩም በዚህ ሳምንት እንዲፈርሙ እንደሚያጣድፍዎት ገልጸው ሂት ፓምፕ የሜሪላንድን ብርድ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚያው አካባቢ ወደ ሂት ፓምፕ ከቀየርሁ ወዲህ አራት የብርድ ወራት አሳልፌአለሁና መልሴ ይችላል ነው፤ የሚችለው ግን ለቤቱ በልኩ ተሰልቶ ከተገጠመ ነው።

ሂት ፓምፕ እሳት አያነድም፤ ከውጭው አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት ያሻግራል፣ በበጋም ይህንኑ ሥራ ገልብጦ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ መጠነኛ ብርድ ባለበት ቀን ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ብርዱ ሲጠና ግን አቅሙ የሚቀንሰው ቤቱ ሙቀት አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ የስሌቱ ነገር የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ እኔ ቤት የመጣው የመጀመሪያው ኮንትራክተር የአሮጌውን ፈርነስ ወረቀት አንብቦ፣ ምንም ሳይለካ፣ ተመጣጣኝ ነው ያለውን አምስት ቶን ማሽን አቀረበልኝ። (ቶን እዚህ ክብደት አይደለም፤ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ የማሞቅ ወይም የማቀዝቀዝ አቅም ማለት ነው፤ ቢቲዩ የሙቀት መጠን መለኪያ ነው።) ሁለተኛው ክፍሎቹን፣ መስኮቶቹን፣ የጣሪያውን ኢንሱሌሽንና ዳክቱን (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦውን) ከመረመረ በኋላ ማኑዋል ጄ የሚባለውን የቤቱን የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ፍላጎት ስሌት ሠርቶ ሦስት ቶን እንደሚበቃኝ አሳየኝ። ከልክ ያለፈ ማሽን በበጋ ቤቱን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚጠፋ እርጥበቱን ሳያወጣ ወበቁን ይተውልዎታል።

የመጀመሪያው የጥር የኤሌክትሪክ ሂሳብ ግን አስደንግጦኝ ነበር። በፈርነስ ጊዜ እንደለመድሁት ማታ ተርሞስታቱን ወደ 62 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ፣ ጠዋት ወደ 70 ከፍ አደርግ ነበር፤ ለካ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው ውድ የሆነው ረዳት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኖሯል። ቀንም ሌሊትም በአንድ ቋሚ ዲግሪ ላይ ከተውሁት ወዲህ ሂሳቡ ወርዷል። ከዳክቱ የሚወጣው አየር ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል ስላልሆነ እናቴ ተበላሽቷል ብለው ነበር፤ ቤቱ ግን ሞቅ ብሎ ይውላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያዎ ከፈርነሱ ጋር አንድ ጭስ ማውጫ የሚጋራ ከሆነ፣ ፈርነሱ ሲወጣ ጭስ ማውጫው ለብቻው ለሚቀረው ውሃ ማሞቂያ ይሰፋበትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ይህን ሳያስመረምሩ ሥራውን አያስጀምሩ።

ስለ ገንዘቡ፣ እስከ 2,000 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ የሚሠራው እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ለተገጠሙት ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ቆጥሮ ዋጋ የሚያቀርብልዎትን አይቀበሉ፤ የኤሌክትሪክ ድርጅትዎን ድጎማ ግን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ኮንትራክተሩንም ማሽኑ በ17 ዲግሪ ፋራናይት ስንት ቢቲዩ እንደሚሰጥና ቤትዎ በዚያ ብርድ ስንት እንደሚፈልግ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ሁለቱን ቁጥሮች ሳይሰጥዎት አይፈርሙ።