አብሮ ተመልካች ፍለጋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

«በሚያዩት ፊልም፣ ተከታታይና ኳስ የሚግባቡ ሰዎችን የሚያገናኝ አፕ ድሬዳዋ ላይ እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያው ከሽፎብኛል፣ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። «አንተ»፣ «አንቺ» ካልኩ ቅር አይበላችሁ፣ የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም።

የመጀመሪያው ለምን ከሸፈ?

ሰው ከሰው የሚያገጣጥመው ስሌት ነው የገደለው። ሁለት ሰዎች ያዩትን ዝርዝር አስተያይቶ፣ ብዙ የጋራ ነገር ካገኘ «ትግባባላችሁ» ይል ነበር። ታዲያ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተግባባ! የቱርክ ተከታታይና የእንግሊዝ ኳስ የሌለበት ዝርዝር የታለ? «ቡና ትጠጣለህ?» ብሎ ጓደኛ እንደመምረጥ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ያየው ነገር ትንሽ ነጥብ ያገኛል፣ ጥቂት ሰው ያየው ትልቅ። ፈጠራው የእኔ አይደለም፤ ጽሑፍ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ብርቅ ቃልን ከተራ ቃል የሚያስበልጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሳቢያን ያለ አንድ መካኒክና መጋላ የምትኖር አንዲት ነርስ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ የህንድ ፊልም ይወዳሉ። ሌላ የሚጋሩት ነገር የለም። በድሮው ስሌት መቼም አይገናኙም ነበር። በአዲሱ አንደኛ ሆነው ወጡ።

ኮከብ ነው የምታሰጠው ወይስ «ወድጄዋለሁ» ብቻ?

ኮከብ የለም። ኔትፍሊክስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ሰው ለፊልም ስንት ኮከብ እንደሚሰጥ የሚገምትበትን ስሌት 10 በመቶ ለሚያሻሽልለት 1 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፣ በ2009 ሸለመ። ያሸነፈውን ስሌት ግን እንዳለ ሥራ ላይ አላዋለውም፤ በ2017 ጭራሽ ኮከቡን ትቶ ወደ አውራ ጣት ሄደ። ሰው ኮከብ ሲሰጥ ትንሽ ይግደረደራል። ቁምነገር ላለው ዘጋቢ ፊልም አምስት ይሰጥና ማታ ኮሜዲውን ይከፍታል። እኔ የምጠይቀው «ጨረስኩት» ወይስ «መሃል ላይ ተውኩት» ነው። እዚህ ላይ ብዙ አይዋሽም።

ሰርች ስናደርግ ያለውን ፊልም የለም ይለናል። ችግሩ ምንድነው?

ፊደላችን ነው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ሃ እና ሓን ከጨመርክማ ተወው። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው ሌላ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ ርዕሱ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። አንዱ ባለቤቱ እንደጻፈው፣ ለዓይን። ሌላው ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው፣ ለፍለጋ። የምትጽፉትም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ወጣት አሁንም እያስቸገረኝ ነው።

አማርኛው ለሴትም ለወንድም እንዴት ይሆናል?

ይህን የጠየቀችኝን ልጅ መቅጠር ነበረብኝ። መጀመሪያ «አይተኸዋል?» ብዬ ጻፍኩ፣ ሴቶቹ ሳቁብኝ። «አይተውታል?» ስል ደግሞ የባንክ መልእክት መሰለ። በመጨረሻ አዝራሩ በተጠቃሚው አንደበት እንዲናገር አደረግኩ፦ «አይቼዋለሁ»፣ «ማየት እፈልጋለሁ»፣ «አትንገሩኝ፣ ገና አልጨረስኩም»። አንደኛ መደብ ወንድና ሴት አይለይም። ሦስተኛውን አዝራር የነካ ሰው ካለበት ክፍል በኋላ የተጻፈ አስተያየት ተሸፍኖ ይቆየዋል።

ባለፈው ኳስ ልናይ ተቀጣጥረን የተጠፋፋነው በአንተ ምክንያት ነው?

አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አፑ በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ብሎ ጻፈ። ግማሹ ከቀኑ 8 ሰዓት ከዚራ ሰፈር ተገኘ፣ በዚያ ፀሐይ! ማንም በሌለበት ቤት በር ላይ ላባቸውን እየጠረጉ «አቦ፣ የታላችሁ?» እያሉ ደወሉልኝ። አሁን ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «ማታ 2 ሰዓት» ይላል። «ማታ» የምትለዋ ቃል መቼም አትቀርም።

ሴት ልጅ ገብታ በሰላምታ ብዛት አትማረርም?

የመጀመሪያው ላይ ተማረዋል። አሁን ለማያውቁት ሰው በቀጥታ መጻፍ አይቻልም። ወሬው የሚጀመረው ፊልሙ ሥር፣ እስከ ስድስት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ነው። የግል መስመር የሚከፈተው ሁለቱም «እሺ» ሲሉ ብቻ ነው። ስልክ ቁጥር አይታይም። ማገጃና መጠቆሚያ አዝራር የግድ ነው፤ ሰዎች የሚጽፉበትን አፕ ፕሌይ ስቶርም ያለ እነሱ አይቀበልም። ያየነውን ነገር ሁሉ ሰው እንዲያውቅብን ስለማንፈልግም እያንዳንዱን ርዕስ ለብቻው መደበቅ ይቻላል።

ሰው ሳይኖርበት እንዴት ጀመርከው?

በአንድ ቤት። ከዚራ ያለ አንድ ኳስና ፊልም የሚያሳይ ቤት፣ ደንበኞቹ ብቻ። «አዲስ አበባንም ጨምር» ያሉኝ ነበሩ። አንድ ሺህ ሰው በአገሩ ተበትኖ ከሚመዘገብ፣ ሠላሳ ሰው በእግሩ ሄዶ የሚገናኝበት ሰፈር ይሻለኛል።

ፊልሙን ራሱን ብትጭንበትስ?

አልጭንም። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ። ደግሞም የፊልም ሠሪውን እንጀራ ነው የምቀማው።

ማሳወቂያው ለምን ከሰዓት አይመጣም?

በርጫ ላይ (ጫት እየቃመ) ያለን የድሬ ሰው ስልክ ማን ይጮህበታል? ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አልልክም።

እኔም መሥራት ብፈልግ ስንት ያስፈልገኛል?

ለፕሌይ ስቶር አንድ ጊዜ 25 ዶላር። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ ለሕዝብ ከመልቀቅህ በፊት 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን ሊሞክርልህ ይገባል። እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ያወርድልህና በሦስተኛው ቀን ያጠፋዋል። የሰርቨሩን እስካሁን ከኪሴ ነው የምከፍለው። ገቢ የለውም። ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ካንተ በፊት ጠይቃኛለች።