ባሌ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ያናድደኛል

ጥያቄ፦

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በሳምንት አራት ምሽት ደግሞ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ቅዳሜም እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን። ቤት እየሠራን ነው፣ ዕቁብም አለብን።

ችግሬ ባለቤቴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ እራትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያቀርበው። ግን ተነሳሽነት የለውም። 11 ሰዓት ካለፈ ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ይቀመጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል አይነሳም። ትርፍ ሥራ ያዝ፣ የማታ ክፍል አስተምር ስለው «ይበቃናል» ይለኛል። እሁድ ልጆቹን ይዞ ጅሬን ወይም ቦዬ ውሃ ዳር ይሄዳል። እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። ባለፈው ትንሿ ልጄ «ጉማሬ አየሁ!» እያለች ሮጣ መጣች። «እሺ፣ ጎበዝ» ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ማታ ሳስበው አለቀስኩ። እኔ ቡናዬን እንኳ ቆሜ ነው የምጠጣው። ለአረፋ ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ ሦስቱንም ቀን ራሴን ሲያመኝ ከረመ። እኔ ቁጭ ብዬ አላደግሁም። እናቴ አጋሮ ብቻዋን ስታሳድገን የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሥራና ቤቴን ማመጣጠን አቅቶኛል። ይህን ሰው እንዴት ላንቃው?

መልስ፦

እህቴ፣ ቅር አይበልሽና ባልሽን ማንቃት ያለብን አይመስለኝም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ እራት የሚያቀርብ፣ እሁድ እሁድ ልጆቹን አስከትሎ የሚወጣ አባት በእኛ ሰፈር ብዙ አላይም። አንቺ ግን «ክፉ ሰው አይደለም» ብለሽ በሁለት መስመር አለፍሽው። እርግጥ እኔ ሰውየውን አላውቀውም፤ የማውቀው ባንቺ ብዕር ነው። አንቺ የጻፍሽው ሰው ግን ሰነፍ አይደለም።

ይህን ስል ንዴትሽን እያቃለልኩት አይደለም። ቤት እየሠሩ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እያዩ «ይበቃናል» የሚል ባል ሊያናድድ ይችላል። የዕቁብ ቀን ሲደርስ የሚጨንቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በዚህ በኩል እሱንም አልለቀውም፤ እመለስበታለሁ።

ግን ንዴትሽ መቼ እንደሚመጣ ተመልከቺ። ዕቁብ ሲከፈል መጣ አላልሽም። ቡና ላይ ሲቀመጥ ነው የሚመጣው። ስለምትሠሩት ቤት የጻፍሽልኝ ሦስት ቃል ነው። ስለ ቡናው ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ አንድ በአንድ ቆጠርሽልኝ። እንዲህ የሚቆጥረው ደጅ ቆሞ በመስኮት የሚያይ ሰው ነው። ንዴቱ ውስጥ ቅናት አለ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ? በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ጉማሬ አለ። ሁሉም አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ነው የሚሆነው። የቡና አገር ልጅ ሆነሽ ቡናሽን ቆመሽ ትጠጫለሽ።

የእኔ ልብ የቀረው ግን መጨረሻ አካባቢ ጣል ያደረግሻት ነገር ላይ ነው። «እኔ ቁጭ ብዬ አላደግሁም» አልሽ። አጋሮን፣ እናትሽን፣ የመጀመሪያ ልጅነትሽን በአንድ ትንፋሽ ጠርተሽ ወዲያው ወደ ባልሽ ተመለስሽ።

አጋሮ አካባቢ የቡና ለቀማ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ቤት የሚቀር ሰው የለም። ቀዩን ካልበሰለው የሚለይ የልጅ እጅ ይፈለጋል። የተሰጣው ቡና ደመና ሲመጣ ቶሎ መሸፈን አለበት። ማታ ደግሞ ውሃ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ታናናሾች አሉ። ያንቺ ልጅነት በትክክል እንዲህ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አልነገርሽኝምና። ግን እናት ብቻዋን በምታሳድግበት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ከልጅነቷ ቶሎ ነው የምትወጣው።

እንዲህ ያደጉ ልጆች ሲመሰገኑ ነው የሚያድጉት። «ጎበዝ»፣ «የእናቷ ቀኝ እጅ» ይባላሉ። ደከመሽ ወይ የሚላቸው ግን የለም። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት አንድ ነገር ትይዛለች፦ እኔ ከተቀመጥኩ ይህ ቤት ይወድቃል። ያኔ ሐሰት አልነበረም። ምናልባት እውነትም እሷ ባትነሳ እራት አይኖርም ነበር። ዛሬ ግን ደመወዝ አላት፣ እራት የሚያቀርብ ባል አላት፣ ልጆቿም ጠግበው ያድራሉ። ሰውነቷ ይህን አልሰማም። ቁጭ ስትል ልቧ ይመታል። ዓይኗ ያልታጠበ ሰሃን ይፈልጋል። ሰሃን ከጠፋ ስልክ ታነሳለች። አጠገቧ ተዝናንቶ የተቀመጠ ሰው ካየች ደግሞ «ይሄ ሰው እንዴት አይጨንቀውም?» ብላ ትናደዳለች። ለእሷ ያልተፈቀደላትን ነገር እሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሲያደርገው እያየች ነው።

ስለዚህ የአረፋው ራስ ምታት አልገረመኝም። ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ የከረመ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ሊያመው ይችላል። (በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው ሰዓቱ ሲዛባበትም ራሱን ያመዋል፤ ይህን ነርሷ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች።) ነገር ግን የጎደለሽ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ሲሰጥሽ ቢያንስ በሦስተኛው እፎይ ትዪ ነበር። ክሊኒኩን ነገ ብትተዪው እንኳ ምሽቶቹን በሌላ ሥራ ትሞያቸዋለሽ ብዬ እፈራለሁ። እሁድን እይው። ክሊኒክ የለም። ልጆቹ ቦዬ ናቸው፣ አንቺ ሳፋው ጋ ነሽ።

ልብሱ አይታጠብ አላልኩም። ግን አስቢው፤ ባልሽን ትርፍ ሥራ ያዝ ብለሽዋል። «ልብሱን አንተ እጠበው፣ እኔም ዛሬ አብሬያችሁ ልሂድ» ብለሽው ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። እሱን ወደ ድካምሽ ትጠሪዋለሽ እንጂ ወደ እሱ ዕረፍት መሄድ አልሞከርሽም። ሁለታችሁም ማታ 3 ሰዓት ላይ ደክማችሁ ብትገቡ ልጅቷ ጉማሬውን ለማን ትነግራለች?

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። አዲስ ተጋቢዎችን አጥንቶ ከ6 ዓመት በኋላ እንደገና አያቸው። አብረው የቀጠሉት አንዱ ሲጠራ ሌላው «አቤት» ያለበት ጊዜ ከ100 ውስጥ ወደ 86 ይጠጋ ነበር። የተፋቱት ጋ 33 ነበር። ጥሪ ሲል ትልቅ ነገር ማለቱ አይደለም። «ነይ ይሄን እይ»፣ «ቡና ደርሷል»፣ «ዛሬ ምን ሆነ መሰለሽ»፤ እንዲህ ያለው ነው። ጥናቱ ስለ ባልና ሚስት ቢሆንም ለልጅም ይሆናል ባይ ነኝ። የጉማሬው ወሬ ጥሪ ነበር። ማታ ያለቀስሽው ደግሞ ጥሪውን ስለሰማሽ ነው፤ ያልሰማ ሰው አያለቅስም።

ስለ ሥራ ሰዓትሽም ዝም አልልም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም 17 በመቶ ይጨምራል። የሆስፒታሉን፣ የአራቱን ምሽትና የቅዳሜውን ደምሪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ለሚሠራ ሰው ግን ድምሩን የሚይዝለት አለቃ የለውም።

ምን ላድርግ ካልሽኝ ትንሽ ነገር ነው የምልሽ፤ ላይሠራም ይችላል። ክሊኒክ ከሌለሽ ምሽቶች አንዱን ምረጪ። ከአቦሉ ጀምረሽ ተቀመጪ፤ በርጩማ ላይ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትተሽ። ደስ ይልሻል ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ላይ ይጨንቅሻል፣ ተነሺ ተነሺ ይልሻል። ካቃተሽ ቶናው ላይ ተነሺ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በረካውን ትሞክሪያለሽ። ጭንቀቱ ሲመጣ «ብቀመጥ ምን ይሆናል ብዬ ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂና የመጣልሽን ጻፊው። በአንድ ወር ለውጥ ባታዪ አትደንግጪ፤ በልጅነት የተያዘ ነገር ቶሎ አይለቅም።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ አብራችሁ ወረቀት ላይ አውጡት፤ ዕቁቡን፣ የግንበኛውን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን። ባልሽ «ይበቃናል» ሲል የትኛውን ቁጥር አይቶ ነው? ሒሳቡን ሁሉ ላንቺ ትቶ ከሆነ የእሱ ዕረፍት ባንቺ ትከሻ ላይ ነው፤ ይህን ሊሰማው ይገባል። ምናልባት ቤቱ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢያልቅ ምንም አይሆንም። ምናልባት ደግሞ እውነትም የማታ ክፍል መያዝ ይኖርበት ይሆናል። ቁጥሩን ሳላይ አልፈርድም።

ራስ ምታቱ ከተመላለሰ ደም ግፊትሽን ተለኪ፣ ሐኪምም እይ። የቀረውን በደብዳቤ መጨረስ አልችልም። ስለ አጋሮው ልጅነትሽ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥሽ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣል። በሙያሽ ምክንያት «የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል» ብለሽ ከሰጋሽ ከከተማ ውጭ ያለ ባለሙያ በስልክ ማነጋገርም ይቻላል። ባልሽ አብሬሽ ልምጣ ካለ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ግን ብቻሽን ብትሄጂ እመርጣለሁ፤ እሱ አጠገብሽ ከተቀመጠ ወሬው በሙሉ ስለ እሱ ይሆናል።